ኮሌጅ ስታመለክቱ «ጥቁር» የሚለውን ሳጥን ማን ያየዋል?

በሐምሌ 2025 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ኒው ዮርክ ታይምስ አንድ ዜና ይዞ ወጣ። ያኔ ለኒው ዮርክ ከንቲባነት ይወዳደር የነበረው ዞህራን ማምዳኒ በ2009 የሃይስኩል ተማሪ እያለ ለኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አመልክቶ ነበር። ዘርህ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ላይ፣ ምልክት ከሚደረግባቸው ሳጥኖች ውስጥ «እስያዊ» የሚለውንም «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚለውንም ሞልቷል ይላል ዜናው። መረጃው የተገኘው ከዩኒቨርሲቲው ተጠልፎ ከወጣ ፋይል ነው።

ማምዳኒ የተወለደው ካምፓላ ነው። ወላጆቹ ግን የህንድ ዝርያ ያላቸው ናቸው። ሲጠየቅ፣ ራሴን እንደ ጥቁር አላይም፣ አፍሪካ የተወለድኩ አሜሪካዊ ነኝ፣ ሳጥኖቹ ስለማይበቁኝ ነው ሁለቱንም የሞላሁት አለ። ዩጋንዳ ብሎም ጽፎበት ነበር። ለማንኛውም ኮሎምቢያ አልተቀበለውም፤ እሱም ሌላ ቦታ ተምሮ ኋላ ከንቲባ ሆነ።

ሶሻል ሚዲያው ግን ተንጫጫ። አንዱ «አጭበረበረ» ይላል። ሌላው «አፍሪካ ተወልዶ ታዲያ ምን ይበል?» ይላል። በዚህ ሁሉ መሀል በየዓመቱ የእኛም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ልጄ የቱን ይሙላ? ቢሞላ ይጠቅመዋል ወይስ ይጎዳዋል? መልሱ ከ2023 በፊትና በኋላ አንድ አይደለም፤ ብዙ ሰው ደግሞ አሁንም የሚመክረው በድሮው ነው።

አንድ ነገር ላስቀድም። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዘር ስል ጥቁር፣ ነጭ፣ እስያዊ እየተባለ የሚቆጠረውን የአሜሪካኖቹን ክፍፍል ነው። የእኛን አገር የብሔር ጉዳይ እዚህ አላመጣም፤ ለእሱ ቦታው ሌላ ነው።

ቅጹ ላይ ያለው ምንድን ነው?

ኮመን አፕ የሚባል የማመልከቻ ድረ ገጽ አለ። አንዴ ሞልታችሁ ለብዙ ኮሌጅ ትልካላችሁ፤ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ይቀበሉታል። እዚያ ውስጥ ስለ ማንነት የሚጠይቅ ገጽ አለ። መጀመሪያ «ሂስፓኒክ ወይም ላቲኖ ነህ?» ይላል። አዎ ወይም አይደለም። ቀጥሎ፣ ለዚያ ምንም ብትመልሱ፣ ራሳችሁን የምትገልጹበትን ምረጡ ብሎ አምስት ሳጥን ያቀርባል፦ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ ወይም የአላስካ ተወላጅ፣ እስያዊ፣ ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ፣ የሃዋይ ወይም የሌላ የፓስፊክ ደሴት ተወላጅ፣ ነጭ። ከአንድ በላይ መምረጥ ይቻላል።

«ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚለውን ስትነኩ ሌላ ጥያቄ ይከፈታል። ከየት ነው? የአሜሪካ፣ የአፍሪካ፣ የካሪቢያን ወይስ ሌላ?

አሁን ልብ በሉ። ኮመን አፕ ላይ የግድ መሞላት ያለበት ጥያቄ ጎኑ ላይ ቀይ ኮከብ አለው። ስም አለው፣ የትውልድ ቀን አለው። የዘሩ ጥያቄ የለውም። ዘልላችሁት ብታልፉ ቅጹ አያግዳችሁም።

ሳጥኖቹን ማን ፈጠራቸው?

ኮሌጆቹ አይደሉም። የዋይት ሐውስ የበጀት መሥሪያ ቤት በ1977 ያወጣው መመሪያ ነው። ያኔ የተፈለገው የሲቪል መብት ሕጎች መከበራቸውን ለመከታተል ሁሉም የመንግሥት መሥሪያ ቤት በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲቆጥር ነበር። በ1997 ተሻሻለና ከአንድ በላይ መምረጥ ተፈቀደ። በመጋቢት 2024 ደግሞ እንደገና ተሻሻለ። የሂስፓኒኩና የዘሩ ጥያቄ አንድ ላይ ተጠቃለሉ፤ የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ ሰዎችም የራሳቸውን ሳጥን አገኙ። መሥሪያ ቤቶቹ ለመቀየር ዓመታት ስለተሰጣቸው አሮጌውን ቅጽ ገና ታገኙታላችሁ።

በድሮው መመሪያ ግብጻዊ የሚቆጠረው «ነጭ» ተብሎ ነበር። ካይሮ ነጭ፣ አስዋንን አለፍ ስትሉ ጥቁር! እንዲህ ያለ ነገር ሞልቶበታል።

እኛስ? የ2024ቱ መመሪያ እዚህ ላይ ምንም አላድበሰበሰም። «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» የሚለውን ሲያብራራ ከአፍሪካ ጥቁር ሕዝቦች የሚወለድ ማለት ነው ይልና ምሳሌ ይዘረዝራል፤ አፍሪካዊ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሃይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊ፣ ሶማሊያዊ። በስም ተጠርተናል። «እኛ ሐበሻ ነን እንጂ...» የሚለውን ክርክር ቡና ላይ መቀጠል ይቻላል። ቅጹ ላይ ግን ኢትዮጵያዊ የት ይገባል ለሚል ሰው መልሱ በጽሑፍ ተቀምጧል።

የማምዳኒም ነገር የሚፈታው በዚህ ነው። የሳጥኑን ርዕስ ብቻ ያነበበ ሰው አፍሪካ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ሁሉ ሊሞላው ይችላል ብሎ ቢያስብ አይገርምም። ትርጉሙን ካነበባችሁት ግን የሚጠይቀው ስለ ዘር ግንድ ነው፤ የትውልድ ቦታን አይጠይቅም። በዚህ ሂሳብ ጆሃንስበርግ የተወለደ ነጭም አይገባበትም፣ ካምፓላ የተወለደ ህንዳዊም አይገባበትም። ችግሩ የ17 ዓመት ልጅ ስክሪኑ ላይ የሚያየው ርዕሱን ነው፤ ትርጉሙን ማን ፈልጎ ያነባል?

የተሞላው እውነት መሆኑን ማን ያረጋግጣል?

ማንም።

የልደት ካርድ አይጠየቅም፣ ፎቶ አይጠየቅም፣ የዲኤንኤ ምርመራማ ጨርሶ አይታሰብም። አሠራሩ ተማሪው ራሱን ገለጸ፣ በቃ፣ ነው። ለየት የሚሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ናቸው። እነሱ ጎሣቸው የአባልነት መዝገብ ስላለው ቅጹም ጎሣህ የቱ ነው፣ የተመዘገብክበት ቁጥርስ ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ሞኝነት ይመስላል፤ ታሪኩን ያየ ግን ይገባዋል። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ላይ እስከ 1960 ድረስ የሰውን ዘር የሚጽፈው ቆጣሪው ነበር። በር አንኳኩቶ፣ ፊት አይቶ፣ እሱ የመሰለውን ይሞላል። ቨርጂኒያ ደግሞ በ1924 ባወጣችው ሕግ የዘር መዝገብ ይዛ ማን ማንን ማግባት እንደሚችል ትወስን ነበር። ያ ሕግ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈረሰው በ1967 ነው። «አንተ እኮ እንዲህ ነህ» ብሎ ከላይ የሚወስን ባለሥልጣን ምን እንደሚያደርግ አገሩ አይቶታል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ወደ «ራስህ ንገረን» ተዞረ። የዚህ ዋጋው ደግሞ የሚዋሽም ሊኖር መቻሉ ነው።

ብዋሽ ምን እሆናለሁ ለሚል፤ ማመልከቻው መጨረሻ ላይ የሞላሁት ሁሉ እውነት ነው ብሎ የሚፈረምበት ቦታ አለ። ሐሰት ሆኖ ከተገኘ ኮሌጁ ቅበላውን ሊሰርዝ ይችላል። በተግባር ግን ዘርን ማስመስከር ከባድ ስለሆነ እንዲህ ያለ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዓመታት በኋላ፣ ሰውየው ታዋቂ ሲሆን ነው።

ድሮ መሙላቱ ምን ያህል ይጠቅም ነበር?

አፈርማቲቭ አክሽን የሚለውን ቃል አገር ቤትም እናውቀዋለን። አሜሪካ ውስጥ ዘርን የሚመለከተው ክፍሉ በፍርድ ቤት እየተሸራረፈ የመጣ ነገር ነው።

በ1970ዎቹ በዴቪስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ወንበሩ 16ቱን ለአናሳ ዘሮች ለይቶ አስቀምጦ ነበር። አለን ባኪ የሚባል ነጭ አመልካች ከሰሰ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 ኮታ ክልክል ነው አለ፤ ግን ዘርን ከሌሎች ነገሮች ጋር አንድ ላይ ማየት ይቻላል ብሎ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በነጥብ ያሰላው ነበር። ከ150 ነጥብ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙ ዘሮች 20 ነጥብ ያገኛሉ። ኤስኤቲን (የኮሌጅ መግቢያ ፈተናውን) ምንም ሳይስት የደፈነ ተማሪ የሚያገኘው 12 ነበር። ይህም በ2003 ፈረሰ። የዚያው ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ግን ነጥብ ሳይሰጥ እያንዳንዱን ፋይል በጥቅሉ ስለሚያይ በዚያው ቀን ተፈቀደለት። ከዚያ በኋላ ለ20 ዓመት ትልልቆቹ ኮሌጆች የሠሩት በዚህ ነው። ሳጥኑ የፋይሉ አንድ ቁራጭ ነበር፣ አንባቢውም ያየው ነበር።

እዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካ ክርክር አለ። በ1999 ኮሌጅ የገቡ ተማሪዎችን መረጃ ይዞ በ2007 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ መግቢያቸው ከባድ የሆኑ ኮሌጆች ከገቡ ጥቁር ተማሪዎች 27 በመቶው ስደተኞች ወይም የስደተኛ ልጆች ነበሩ። በአይቪ ሊጎቹ (ሃርቫርድና ዬል ባሉባቸው ስምንት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች) ደግሞ 41 በመቶ። ስለዚህ ጥያቄ ተነሳ። ፖሊሲው የመጣው ባርነትንና የዘር መድልዎን ለተሸከሙት አፍሪካዊ አሜሪካውያን ከሆነ፣ የናይጄሪያና የኢትዮጵያ ልጆች ለምን በዚያው ሳጥን ይቆጠራሉ? በ2004 ሃርቫርድ ውስጥ ሄንሪ ሉዊስ ጌትስና ላኒ ጊኒየር የተባሉት ፕሮፌሰሮች ይህንኑ በግልጽ አንስተውት ነበር። ሌላው ወገን ደግሞ ፖሊስ መኪና ሲያስቆም አባትህ ከጎንደር ነው ወይስ ከጆርጂያ ብሎ አይጠይቅም ይላል። ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለ። ሳጥኑ ግን አንድ ነው፤ ይህን መለየት አይችልም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ አንዳንድ እስያውያን ተማሪዎች ሳጥኑን ባዶ እንዲተዉት ይመከሩ ነበር፤ ይጎዳናል ብለው ስለሚፈሩ። የኋላው ትልቅ ክስ የተነሳው ከዚህ ስሜት ነው።

በ2023 ምን ተለወጠ?

«ፍትሐዊ ቅበላ ለተማሪዎች» ብሎ ራሱን የሚጠራ ማኅበር በ2014 ሃርቫርድንና የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲን ከሶ ነበር። የሃርቫርዱ ክስ ዋና ነጥብ እስያውያን አመልካቾች በውጤት በልጠው «የግል ባሕርይ» በሚለው ምዘና ዝቅ ይደረጋሉ የሚል ነው። ሰኔ 29 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለከሳሹ ፈረደ። ኮሌጅ አንድን ተማሪ በዘሩ ምክንያት መጥቀምም ሆነ መጉዳት አይችልም አለ። የሰሜን ካሮላይናው 6 ለ 3 ነው። የሃርቫርዱ 6 ለ 2፤ ምክንያቱም ዳኛ ኬታንጂ ብራውን ጃክሰን ከሃርቫርድ ጋር ግንኙነት ስለነበራት ራሷን ከዚያ መዝገብ አግልላለች።

ከወር በኋላ፣ ነሐሴ 1፣ ኮመን አፕ አንድ ማብሪያ ማጥፊያ ጨመረ። ኮሌጁ ከፈለገ የዘር መልሱ ማመልከቻውን ለሚያነቡት ሰዎች እንዳይታይ ማድረግ ይችላል። ማትሪክ የተፈተነ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። ስምህ መዝገብ ቤቱ ጋ አለ፣ ወረቀትህን የሚያርመው ግን የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። ሳጥኑም እንደዚያ ሆነ። ተማሪው ይሞላል፣ ኮሌጁ ይይዘዋል፣ አንባቢው አያየውም። ካሊፎርኒያ በነገራችን ላይ ከ1996 ጀምሮ በሕዝብ ድምፅ ከልክላው ስለነበር እዚያ ያሉት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ኑሮ ለምደውታል።

ስለዚህ ዛሬ «ጥቁር ብለህ ሙላ፣ ቶሎ ትገባለህ» የሚል ሰው የሚነግራችሁ ያለፈበትን ወሬ ነው። «አትሙላ፣ ይጎዳሃል» የሚለውም እንደዚያው።

ታዲያ ኤሴይ ላይ (ከማመልከቻው ጋር ተማሪው ስለ ራሱ በሚጽፈው ጽሑፍ) ስለ ማንነት መጻፍ ተከልክሏል?

አልተከለከለም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው። ዋናው ዳኛ ጆን ሮበርትስ ፍርዱ ውስጥ ራሱ ጽፎታል። ተማሪው ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው ቢጽፍ፣ መድልዎ ደርሶበትም ይሁን ብርታት ሆኖት፣ ኮሌጁ ያንን ከማንበብ የሚከለክለው የለም። ግን ወዲያው ገደብ አበጀለት። የሚመዘነው ከዚያ ኑሮ የወጣው ጥንካሬ፣ ድፍረት፣ ችሎታ ነው። ዘሩ ብቻውን አይቆጠርም። በኤሴይ ሰበብ ሳጥኑን በጓሮ በር መመለስም ክልክል ነው።

ነገሩ በአንድ ልጅ ላይ እንዲህ ይሆናል። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያደገች ልጅ «እኔ ጥቁር ሴት ነኝ፣ ስለዚህ ለግቢያችሁ ብዝኃነትን አመጣለሁ» ብትል ሳጥኑን በዓረፍተ ነገር ደገመችው እንጂ ምንም አልነገረችም። በዘጠኝ ዓመቷ ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጣ ሐኪሙ የሚለውን ለእናቷ በአማርኛ ስታስተረጉም፣ «ዕጢ» የሚለውን ቃል ሳታውቀው ቀርታ እጇን አንገቷ ላይ አድርጋ እንዳሳየች ብትጽፍ ግን፣ አንባቢው ስለ እሷ አንድ ነገር ያውቃል። ያንን ማንበብና መመዘን ሕጋዊ ነው። ቋንቋ፣ ስደት፣ አባት ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራ ማደግ፣ እነዚህ የኑሮ ታሪክ ናቸው፤ ሳጥኑ ጋ ጉዳይ የላቸውም።

ኮሌጆቹም ጥያቄያቸውን ወደዚህ አዞሩ። ሃርቫርድ ከፍርዱ በኋላ ሁሉም የሚመልሳቸው አምስት አጫጭር ጥያቄዎች አወጣ፤ የመጀመሪያው የኑሮ ልምድህ ለግቢያችን ምን ያበረክታል የሚል ነበር። ሳራ ላውረንስ የተባለው ኮሌጅ ደግሞ የሮበርትስን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጠቅሶ ስለዚህ ጻፉ አለ። ድፍረት ይሉሃል ይህ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። አሁን ልጆች መከራቸውን አጉልተው እንዲጽፉ የሚገፋፉ ወላጆችና አማካሪዎች አሉ። ስደተኛ ካምፕ ያልኖረ ልጅ ካምፕ አያውቅም። ኤሴይም እንደ ሳጥኑ በፊርማ የሚጸና ነው፤ ልዩነቱ የመምህር ደብዳቤና የቀረው ፋይል አጠገቡ ስላለ ውሸቱ ቶሎ መውጣቱ ነው።

ካልጠቀመ ሳጥኑ ለምን አልጠፋም?

ምክንያቱም አንባቢው ተቀየረ እንጂ አልጠፋም። ኮሌጆች በየዓመቱ ስንት ጥቁር፣ ስንት እስያዊ፣ ስንት ነጭ ተማሪ እንዳላቸው ለትምህርት ሚኒስቴሩ ሪፖርት ያደርጋሉ። ከፍርዱ በኋላ የሆነውን ያወቅነውም ኮሌጆቹ ከዚሁ ሳጥን ቆጥረው ባወጡት ቁጥር ነው። በ2024 ኤምአይቲ ከገቡት አዲስ ተማሪዎች ጥቁሮቹ 5 በመቶ ገደማ ሆኑ፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በአማካይ 13 በመቶ ነበሩ። ሃርቫርድ ከ18 ወደ 14 ወረደ። ዬል ግን 14 ነበር፣ 14 ሆኖ ቀረ። ከአንድ ዓመት ቁጥር ተነስቶ ይህ ሆነ ብሎ መፍረድ ይከብዳል፤ በተለይ ዘራቸውን ያልሞሉት እየበዙ ሲሄዱ። ሃርቫርድን ብቻ ብናይ በዚያ ዓመት ያልሞሉት ከ4 በመቶ ወደ 8 በመቶ አድገዋል።

በ2025 ደግሞ ሌላ አንባቢ መጣ። የትራምፕ መንግሥት ኮሌጆች አሁንም በስውር በዘር እየመረጡ ነው ብሎ ይጠረጥራል። በሐምሌ ኮሎምቢያ ከመንግሥት ጋር ሲስማማ 200 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ብቻ ሳይሆን፣ ያመለከቱትንም የገቡትንም ተማሪዎች ውጤት በዘር ለይቶ ለማስረከብም ነው የተስማማው። ነሐሴ 7 ላይ ፕሬዚዳንቱ ባወጣው ማስታወሻ ይህን ዓይነት መረጃ ከኮሌጆች በሰፊው እንዲሰበሰብ አዘዘ። ሳጥኑ የተፈጠረው የተገፉትን ለመቁጠር ነበር፤ ከዚያ እነሱን ለማስገባት አገለገለ። አሁን ደግሞ ኮሌጁን ለመመርመር ማስረጃ ሆነ።

ድብልቅ የሆነ፣ በጉዲፈቻ የመጣ፣ ከአገር ቤት የሚያመለክትስ?

አባቱ ኢትዮጵያዊ እናቱ ነጭ የሆነ ልጅ ሁለቱንም መሙላት ይችላል፤ እውነቱም እሱ ነው። ግን ሪፖርቱ ላይ ጥቁርም ነጭም ተብሎ አይቆጠርም፤ «ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር» የሚል ለብቻው ዓምድ አለ፣ እዚያ ይገባል። ሂስፓኒክ ነኝ ያለ ደግሞ ሌላ ምንም ቢሞላ በአሮጌው አሠራር ሂስፓኒክ ብቻ ተብሎ ይቆጠራል። በጉዲፈቻ ሚኒሶታ ያደገች ልጅ ወላጆቿ ነጭ ቢሆኑም ጥያቄው ስለ ዘር ግንዷ ስለሆነ ጥቁር የሚለውን ብትሞላ ትክክል ናት፣ ማንም አጭበረበርሽ ሊላት አይችልም።

ከአዲስ አበባ ሆኖ በተማሪ ቪዛ ለመሄድ የሚያመለክት ልጅ ነገሩ ጭራሽ ቀላል ነው። ምንም ቢሞላ በመንግሥት ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው «የውጭ አገር ነዋሪ» በሚለው ዓምድ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ግን እንደ አሜሪካዊ በዘሩ ይቆጠራል። ለውጭ ተማሪ የሚወስነው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የገንዘብ ድጋፍ ትፈልጋለህ ወይ? የውጭ ተማሪ ገንዘብ መጠየቁ ቅበላውን እንዳይነካ የወሰኑት እንደ ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲና አምኸርስት ያሉ ጥቂት ኮሌጆች ብቻ ናቸው። በሌሎቹ ያቺ አንዲት «አዎ» ፋይሉን ወዲያና ወዲህ ልትገፋው ትችላለች። ከመላክ በፊት የየኮሌጁን ደንብ ማንበብ የሚገባው እሷ ጋ ሲደርሱ ነው።